ኮከቡን ለምን አሳልፈው ይሰጡታል?



እ.ኤ.አ. በ2025፣ በፌብሩዋሪ ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ሌሊት፣ የዳላስ ማቬሪክስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ አሳልፎ ሰጠ። ዜናውን የሰሙ ብዙዎች መጀመሪያ ላይ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ሉካ ያኔ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ከሊጉ ምርጥ አምስት ተጫዋቾች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ከጥቂት ወራት በፊትም ቡድኑን እስከ ፍጻሜው ጨዋታ አድርሷል። በምትኩ የመጣው አንቶኒ ዴቪስ ስመ ጥር ተጫዋች ቢሆንም 31 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ጉዳትም ይደጋገምበታል። ከዳላስ ደጋፊዎች መካከል የሬሳ ሣጥን ይዘው ወደ ስፖርት አዳራሹ ደጅ የወጡ ነበሩ፤ እንደ ሞት ቆጥረውት ማለት ነው።

በዳላስና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ወጣቶቻችንም፣ እዚያ ያሉትም ሆኑ እዚህ ሌሊት እየተነሡ ጨዋታ የሚከታተሉት፣ ነገሩን ሲያነሡና ሲጥሉ ሰንብተዋል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ሰው የሚወድደውን፣ ያሳደገውን፣ ስሙ የተጠራበትን ሰው እንዴት አሳልፎ ይሰጣል? እኛም ይህን ጥያቄ የስፖርት ወሬ ነው ብለን አላለፍነውም። ከሥራ ገበታው በድንገት የተነሣ፣ ከትዳሩ የተገፋ፣ ካገለገለበት መድረክ አንድ ቃል ሳይነገረው የወረደ ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

በእግር ኳስ ዝውውር ገዢው ክለብ ገንዘብ ይከፍላል፤ ተጫዋቹም ካልተስማማ አይሄድም። በአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ግን የሚለዋወጠው ውል በውል ነው። ክለቡ የተጫዋቹን ውል አንሥቶ ለሌላ ክለብ ይሰጣል፤ በምላሹ የሌላ ተጫዋች ውል፣ ወይም ወደፊት ወጣት ተጫዋች የመምረጫ ተራ ይቀበላል። ተጫዋቹ ፈቃዱን አይጠየቅም። በውላቸው ውስጥ እምቢ የማለት መብት ያስጻፉ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ታዲያ ኮከብ ለምን ይሰጣል? ምክንያቶቹ ብዙ ጊዜ አራት ናቸው። አንደኛው ውሉ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው፤ ተጫዋቹ በነፃ ከሚሄድብን ዛሬ አንድ ነገር እናግኝበት ይላሉ። ሁለተኛው ዕድሜና ጉዳት ነው፤ ጉልበቱ ከመድከሙ በፊት፣ ዋጋው ገና ከፍ ብሎ ሳለ መስጠት። ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ሊጉ ለቡድኖች የደሞዝ ጣሪያ አበጅቷል፤ ከልክ በላይ ያለፈ ቡድን ከባድ ቅጣት ይከፍላል፣ ተጫዋች የመለዋወጥ ነፃነቱም ይጠብበታል። ሉካ በዚያው ዓመት ክረምት ከዳላስ ጋር ቢፈራረም ኖሮ የአምስት ዓመት፣ 345 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ውል ይጠብቀው ነበር። አራተኛው ደግሞ መሪዎቹ፣ “በዚህ ሰው የምንደርሰው እስከዚህ ብቻ ነው” ብለው ሲደመድሙ ነው።

ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ አስተምሯል (ሉቃስ 14፥28)። ክለብ ንግድ ነው፤ ነጋዴ ሒሳብ መሥራቱ አያስወቅሰውም። ጥያቄው የሚመጣው በሒሳቡ ውስጥ ያለው ቁጥር ስም፣ ቤትና እንባ ያለው ሰው መሆኑን ስናስታውስ ነው። የክለብ መሪዎች “እኛ ቤተሰብ ነን” ማለት ይወድዳሉ። ቤተሰብ ግን ልጁን በጎረቤት ልጅ አይለውጥም።

ቶሮንቶና ዳላስ

ሁለት ልውውጦችን ጎን ለጎን እንመልከት።

ዲማር ደሮዛን በቶሮንቶ ራፕተርስ ዘጠኝ የውድድር ዘመን ተጫውቷል። በክለቡ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ነጥብ ያስቆጠረው እርሱ ነው። ሌሎች ኮከቦች ወደ ሞቃታማዎቹና ወደ ታላላቆቹ የአሜሪካ ከተሞች ሲያማትሩ እርሱ እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያው ካናዳ ለመቆየት ፈረመ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ከድባቴ ጋር እንደሚታገል በአደባባይ ተናግሮ፣ በዝምታ ለሚሠቃዩ ብዙዎች በር ከፈተ። ቡድኑ በዚያ ዓመት 59 ጨዋታ አሸንፎ የክለቡን ክብረ ወሰን ሰበረ። ነገር ግን ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት በሌብሮን ጄምስ ቡድን በክሊቭላንድ ተሸንፎ ወጣ። በጁላይ 18 ቀን 2018 የቡድኑ ፕሬዚዳንት፣ በናይጄሪያ ያደገው ማሳይ ኡጂሪ፣ ደሮዛንን ለሳን አንቶኒዮ ሰጥቶ ካዋይ ሌናርድን አመጣ። ሌናርድ በጉዳት ምክንያት ባለፈው ዓመት የተጫወተው ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ውሉም በዓመቱ ሊያበቃ የሚችል ነበር። ደሮዛን እንደማይሰጥ ተነግሮት እንደነበር ገልጾ አዘነ። ኡጂሪም ስለተፈጠረው አለመግባባት በይፋ ይቅርታ ጠየቀ።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በጁን 2019፣ ቶሮንቶ በታሪኳ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣች። የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ሌናርድ ሆነ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌናርድ ወደ ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ሄደ። ዋንጫው ቀረ፤ ሰዎቹ ሁለቱም የሉም።

አሁን ወደ ዳላስ እንመለስ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ኒኮ ሃሪሰን ልውውጡን ያደረገው በመከላከል ጥንካሬ ዋንጫ ይመጣል ብሎ እንደሆነ ተናግሮ ነበር። ዴቪስ ግን በመጀመሪያ ጨዋታው ተጎዳ። በማርች ወር ካይሪ ኧርቪንግ የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። ቡድኑ 39 ጨዋታ አሸንፎ በ43ቱ ተሸንፎ፣ ወደ ዋናው ጥሎ ማለፍ ሳይገባ ቀረ። ሉካ በኤፕሪል 9 በተቃራኒ ቡድን ልብስ ወደ ዳላስ ሲመለስ፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ክለቡ ያዘጋጀለትን የማስታወሻ ፊልም እያየ በሕዝብ ፊት አለቀሰ። ከዚያም 45 ነጥብ አስቆጠረ። በኖቬምበር 2025 ሃሪሰን ራሱ ከሥራው ተሰናበተ። አሳልፎ የሰጠውም በተራው ተሰጠ።

ብዙ ሰው ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚያወጣው ትምህርት፣ ኡጂሪ ብልህ ነበረ፣ ሃሪሰን ሞኝ ነበረ የሚል ነው። ዓለም የሚፈርደው እንዲህ ነው፤ ዋንጫ ከመጣ ነገሩ ልክ ነበር፣ ካልመጣ ስሕተት ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ። የደሮዛን ሐዘን ከሉካ ሐዘን አላነሰም። ቶሮንቶ ዋንጫ ማንሣቷ ለደሮዛን ከተነገረውና ከተደረገበት መካከል ያለውን ክፍተት አልዘጋውም። ለዚህም ነው ይቅርታ ያስፈለገው፤ ዋንጫ ይቅርታን አይተካም። ውጤት ስለ እቅዳችን ይናገራል እንጂ ሰውን እንዴት እንደያዝነው አይፈርድም። የሰው አያያዛችንን የሚመዝን ሌላ ሚዛን አለ፤ እርሱም በጌታ እጅ ነው።

ይህ ሒሳብ ወደ ጌታ ቤት ሲገባ

ወገኖች፣ ስለ ክለቦች መናገር ቀላል ነው። ከባዱ ስለ ራሳችን ቤት መናገር ነው።

በአገልግሎት ዘመናችን ያየነውን እንናገር። ለሃያ ዓመት ጉባኤውን በዝማሬ ያንበረከከች እህት ድምፅዋ መሻከር ሲጀምር፣ አንድ እሑድ ማይኩ ለሌላ ይሰጣል። የነገራት የለም። ዝርዝሩ ላይ ስሟን ስታጣ ነው ያወቀችው። ከገጠር ገጠር በእግሩ እየዞረ አጥቢያ የተከለ ወንጌላዊ ስኳርና ደም ግፊት ይይዘዋል፤ ያኔ ስልኩ መጥራቱን ያቆማል። የበዓሉ ቀን ሲደርስ “አባታችን” ተብሎ ፎቶ ይነሣል፤ በማግስቱ የመድኃኒቱን ነገር የሚጠይቀው አይገኝም። ሰባኪ ሲጋበዝ ደግሞ የሕይወቱ ምስክርነት ከመጠየቁ በፊት በማኅበራዊ ሚዲያ ስንት ተከታይ አለው የሚባልበት ጊዜ ደርሰናል። ይህ በሌላ ስም የተጫዋች ልውውጥ ነው። ልዩነቱ ክለቡ ንግድ መሆኑን አይደብቅም፤ እኛ ግን በጸሎት ከፍተን በጸሎት እንዘጋዋለን።

ሌላውንም ወገን እንናገር፤ እውነት ሁለት ፊት አላት። ማይኩን የሙጥኝ ብለው የያዙ፣ ለሚመጣው ትውልድ ቦታ የማይለቁ አገልጋዮችም አሉ። መድረክ ርስት አይደለም። ፓስተርም ቢሆን የዕድሜ ልክ ውል የለውም። ቦታ መቀየር፣ ሥራ ማስረከብ፣ ወደ ኋላ ማለት በእግዚአብሔር ቤት ሥርዓት ያለው ነገር ነው። ታዲያ ሰውን ከቦታው ማንሣትና ሰውን መጣል በምን ይለያያሉ?

ቃሉ የሚያሳየን መንገድ

በዘኍልቁ 8፥24-26 ስለ ሌዋውያን የተሰጠ ሥርዓት አለ። ሌዋዊ በ25 ዓመቱ ወደ አገልግሎት ይገባል፤ 50 ሲሞላው ከከባዱ ሥራ ይወጣል። እኛም ሃምሳን ካለፍን ስለቆየን፣ ይህን ክፍል እንደ ወጣትነታችን ዘመን ፈጥነን አናልፈውም። ማደሪያው ሲነሣ መሸከም፣ መንቀል፣ መትከል አለ፤ ጉልበት ይጠይቃል። እግዚአብሔርም ጉልበት እንደሚደክም ያውቃል፤ ስለዚህ ሸክሙን ከጫንቃቸው ያወርዳል። ነገር ግን ሰውየውን ከድንኳኑ አያስወጣውም። ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ እንዲጠብቅ፣ እንዲረዳ ያዝዛል። ሸክሙ ተወሰደ፤ ቦታው ግን አልተወሰደም። ሌዋዊው እስከ መጨረሻው ሌዋዊ ነው።

ሁለተኛውን በ2ኛ ሳሙኤል 21፥15-17 እናገኛለን። ዳዊት ከፍልስጥኤማውያን ጋር ሲዋጋ ደከመ። በልጅነቱ ጎልያድን የጣለው ያ እጅ ዛለ፤ ሌላ ግዙፍ ሰው ሊገድለው ደረሰ። አቢሳ ደርሶ አዳነው። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ዳግመኛ ከእነርሱ ጋር ወደ ሰልፍ እንዳይወጣ በመሐላ ነገሩት፤ ለእነርሱ እርሱ የእስራኤል መብራት ነበርና እንዳይጠፋባቸው ፈሩ። እነዚህ ሰዎች ኮከባቸውን ከሜዳ አውጥተዋል። ግን እንዴት እንዳወጡት ተመልከቱ። በፊቱ ነገሩት እንጂ ከጀርባው አልተማከሩም። ያዳነው ያው ሰውም አብሯቸው ነበር። ምክንያታቸውም “ከእንግዲህ አትጠቅመንም” የሚል አልነበረም፤ “አንተን ማጣት አንፈልግም” የሚል ነበር። ዳዊት ከሰልፉ ቢቀርም ንጉሥነቱ አልቀረም።

ሦስተኛው የማርቆስ ነገር ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ጥሏቸው ስለተመለሰ ጳውሎስ ዳግመኛ ሊወስደው አልፈለገም (የሐዋርያት ሥራ 15፥37-40)። በስለት የተቆረጠ ውሳኔ ነበር። በርናባስ ግን ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ በመርከብ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ያው ጳውሎስ፣ በእስር ሆኖ፣ የመጨረሻ ደብዳቤውን ሲጽፍ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ብሎ ጢሞቴዎስን ለመነ (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥11)። ታላቁ ሐዋርያ እንኳ በአንድ ሰው ላይ የዘጋው መዝገብ በጌታ ዘንድ ክፍት ነበር። በመካከሉ ግን አንድ በርናባስ አስፈልጓል። ዛሬ ስንት ማርቆስ በየቤቱ ተቀምጦ አንድ በርናባስ ይጠብቅ ይሆን?

ከሦስቱ የምንማረው ግልጽ ነው። ሥራውን ከሰው ላይ ማንሣት ይቻላል፤ አንዳንዴም ፍቅር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በፊቱ ይነገረው፤ አስቀድሞ ይነገረው፤ ከወንድሞቹ መካከልም አይነቀል።

አሳልፎ የሰጠው አባት

በቋንቋችን “አሳልፎ ሰጠ” የሚለው ቃል ከባድ ቃል ነው። ስንሰማው ቶሎ የሚመጣልን ይሁዳ ነው። ጌታውን በሠላሳ ብር አሳልፎ ሰጠ። የካህናት አለቆች ለጲላጦስ አሳልፈው ሰጡት። ጲላጦስም እንዲሰቀል አሳልፎ ሰጠው። በመካከሉም ልውውጥ ተደረገ፤ ሕዝቡ ኢየሱስን ሰጥቶ በርባንን ወሰደ (ማቴዎስ 27፥15-26)። ከዚህ የከፋ ልውውጥ በምድር ላይ አልተደረገም። በዳላስ አዳራሽ ደጅ የጮኸው ሕዝብ ኮከቡ ስለተወሰደበት ነው፤ በኢየሩሳሌም የጮኸው ግን ይወሰድልን ብሎ ነው።

ይሁን እንጂ ያው ቃል በሮሜ 8፥32 በሌላ አፍ ይመጣል። አባት ለገዛ ልጁ ሳይራራ ስለ ሁላችን አሳልፎ ሰጠው። እዚህ ሒሳቡ ሁሉ ይገለበጣል። ክለብ ኮከብ የሚሰጠው የተሻለ ሊያገኝ፣ ቢያንስ ላለመክሰር ነው። አብ ልጁን የሰጠው በእኛ ምን ሊያተርፍ ነው? ጉልበታችን አልሳበውም፤ ደካሞች ነበርን። ታማኝነታችንም አይደለም፤ ጠላቶች ነበርን። ማንም ቡድን በመጨረሻው ተራ እንኳ የማይመርጠን ሰዎች ነበርን። የከፈለውም ከሚጠፋው ከብርና ከወርቅ አይደለም፤ የክርስቶስ ክቡር ደም ነው (1ኛ ጴጥሮስ 1፥18-19)። በዚያ ልውውጥ ውስጥ በርባን እኛ ነን። በሩ የተከፈተልን፣ ሰንሰለቱ የወደቀልን፣ ሌላ ሰው በቦታችን የሄደልን።

እንዲህ ባለ ዋጋ የገዛን አምላክ የተሻለ ሲያገኝ አይለውጠንም፤ ስንደክምም አይጥለንም። ኢሳይያስ 46፥4 እስከ ሽምግልናና እስከ ሽበት ድረስ የሚሸከም አምላክ እንዳለን ይነግረናል። መዝሙረኛው በመዝሙር 71 በእርጅና ዘመን እንዳይጣል ሲለምን፣ ልመናው መልስ እንዳለው እያወቀ ነው።

እንግዲህ ምን እንላለን?

አሳልፈው ለሰጡህ ወንድም፣ አሳልፈው ለሰጡሽ እህት፤ አልቅሱ፣ ማልቀስ ነውር አይደለም። ሉካም በሺህዎች ፊት አልቅሷል። እንባችሁን ግን በጌታ ፊት አፍስሱት፤ በልባችሁ ካጠራቀማችሁት መራራ ሥር ይሆናል። ሰባዎቹ ደቀ መዛሙርት አጋንንት ተገዙልን ብለው በደስታ ሲመለሱ፣ ጌታ ደስታቸውን ከአገልግሎታቸው ውጤት አንሥቶ በሰማይ በተጻፈው ስማቸው ላይ አኖረው (ሉቃስ 10፥20)። የፕሮግራም ዝርዝር በየሳምንቱ ይቀየራል። ያ መዝገብ ግን በሰው ስብሰባ አይቀየርም።

መሪዎችና ሽማግሌዎች ለሆናችሁ፤ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። ባለፉት ዓመታት ከአገልግሎት የወረዱትን፣ የታመሙትን፣ ያረጁትን ስም ጻፉ። ከዚያም ደውሉ። ስብከት አያስፈልግም፤ “እንዴት ነዎት? ልንጠይቅዎት እንመጣለን” በቂ ነው። ሄዳችሁም ቡና ጠጡ፤ እንዲጸልዩላችሁ ለምኗቸው። ሌዋዊው ከድንኳኑ እንዳልወጣ ይወቅ።

ጌታን ገና የምትፈልጉ ወዳጆቻችን፤ ምናልባት ከቤተ ክርስቲያን የራቃችሁት አንድ ቀን እንደ ዕቃ ስለተቆጠራችሁ ይሆናል። ያ በደል እውነት ነው፤ አናቃልለውም። ነገር ግን የሰዎቹን ሚዛን የጌታ ሚዛን አድርጋችሁ አትውሰዱት። እርሱ ልጁን ሰጥቶ የፈለገው እናንተኑ ነው።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ልጅህን ስለ እኛ አሳልፈህ ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን። የተጣሉትን አንሣ፤ ያዘኑትን አጽናና። በቤትህ ሰው በሰው የማይለወጥበት ፍቅር ስጠን። ሸክማችንን የምናስረክብበትም ቀን ሲደርስ ከፊትህ እንዳንወጣ ጠብቀን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።